አምስት ቀን በቆቦ፦ ማሽላ፣ ወፍ እና የኔ ጥፋት

ጥቅምት 7፦ ከአዲስ አበባ ደሴ

አጎቴን ካየሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። የዘንድሮው መንገድ ግን ጥየቃ ብቻ አይደለም፤ ዕዳ አለብኝ። አምና በግንቦት ደውለው «ሚያዝያ የዘራነው ጠወለገ፣ ሰማዩም ዝም ብሏል» ሲሉኝ፣ እንደ ተማረ ሰው መላ የመምታት አባዜ ያዘኝና በሦስት ወር ተኩል የሚደርስ የማሽላ ዘር ገዝቼ በመኪና ላኩላቸው። «ጋሼ፣ ይሄን ይሞክሩት፤ ዝናቡ ሳያቋርጥ ይደርሳል» አልኳቸው። እውነትም ደረሰ። ከጎረቤቱ እኩሉ ጤፍ ዘርቶ ነበር፣ እኩሉም ከድርቁ የተረፈችውን ረጅሟን ማሽላ ይዞ ይጠብቅ ነበር። ቀድሞ ያፈራው የአጎቴ ማሳ ብቻ ስለነበር የቆቦ ወፍ በሙሉ እዚያው ሰፈረ። ከሁለት ጥማድ መሬት የገባው እህል አንድ ኩንታል አልሞላም። አልተቆጡኝም። «ወፎቹ አመስግነውሃል» ነው ያሉኝ። ይኸው ዓመቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለ ጉዞው ብዙ የምለው የለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ጣርማ በር ዋሻ ስንደርስ ጉሙ ከመስኮቱ ሥር ነበር። ደጋው ላይ ገብሱ እያጎነበሰ ነው። ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሰው ሹራቡን አንድ በአንድ ያወልቅ ጀመር፤ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ዓለሙ ሁሉ ማሽላና ማሾ ሆነ። የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ከገብስ አገር ወደ ማሽላ አገር መግባት የለመድኩት ነገር ቢሆንም ሁሌም ይገርመኛል። ማታ ደሴ ገብቼ ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ።

ጥቅምት 8፦ ከደሴ ወልድያ

ሐይቅን፣ ውጫሌን አልፈን መርሳ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም አየር አልነበረውም። ረዳቱ ጎማውን ተሸክሞ ሲሄድ እኛ ከመንገዱ ዳር ካለች ግራር ሥር ተጠለልን።

ከግራሯ ባሻገር የማሽላ ማሳ ነበር፤ መሀሉ ላይ ሐምራዊ አበባ የለበሰ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። አንድ ገበሬ ጎንበስ ብለው አበባውን ከነሥሩ እየነቀሉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይከቱታል። ሰላምታ ሰጥቼ ተጠጋሁ።

«አቀንጭራ ነው፣» አሉ ቀና ሳይሉ። «አበባውን ስታየው ሥራውን ጨርሷል።»

አንዱን ነቅለው አሳዩኝ። ከስንዝር ትንሽ ይረዝማል፤ ግንዱ ሻካራ ነው፤ ሥሩ ለብቻው አይወጣም፣ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቋል። ከጎኑ የቆመው ማሽላ ከጉልበቴ አላለፈም፤ ዝናብ እንዳጣ ቅጠሉ ጠውልጓል፤ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ግን ከራሴ በላይ ነው። አንድ ዝናብ፣ አንድ አፈር። ገበሬው እንዳሉትም የሚታየው የነገሩ መጨረሻ ነው። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ትበትናለች፤ ዘሩም ከአሥር ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። የሚቀሰቅሰው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ነው። ያ ሽታ ሲደርሰው ይበቅላል፣ ሥሩን ይበሳል፣ ውኃውንና ምግቡን ከምድር በታች ይጠባል። መሬቱ በተራቆተ ቁጥር ማሽላው ያንን ኬሚካል አብዝቶ ያመነጫል። የደኸየ መሬት ጠላቱን ራሱ ይጠራል ማለት ነው።

ይሄንን ጥሪ ዝም ያሰኙት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። ወሎንኮሚ ተወልደው፣ ጅማና ዓለማያ ተምረው፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥሩ ያንን ምልክት እምብዛም የማይሰጥ ማሽላ አራቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚሁ ሥራቸው ነው። ለኢትዮጵያ ከወጡት ዝርያዎች አንዱ «ጎቢዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ይባላል። ለገበሬው ስለ ጎቢዬ ጠየቅኳቸው።

«አውቀዋለሁ። ጥሩ ነው» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው «አጭር ነው እንጂ» ጨመሩ።

ይቺን «አጭር ነው እንጂ» ልብ በሉልኝ፤ እስከ ቆቦ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ጎማው ተመለሰ። የሲሪንቃን የግብርና ምርምር ማዕከል በመስኮት አየሁት፤ ለዚህ ቆላ የሚሆኑ አያሌ የማሽላ ዝርያዎች የተፈተኑበት ነው። ወልድያ ስገባ መሽቶ ነበር።

ጥቅምት 9፦ ቆቦ

ከወልድያ ሰሜን አላ ውሃን፣ ጎቢዬን፣ ሮቢትን አልፈው ነው ቆቦ የሚገቡት። የጎቢዬ ከተማ ውስጥ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ሲቆም በዝርያው ስም የምትጠራውን፣ ወይም ዝርያው በስሟ የሚጠራላትን ከተማ ትንሽ አየሁ፦ ሙዝና ቆሎ ሻጮች፣ ባጃጅ፣ አቧራ። ከዚያ ሜዳው ተዘረጋ። በስተግራ የላስታ ተራራ፣ በስተቀኝ ዞብል፣ መሀሉ እስከ ዓይን መጨረሻ ማሽላ።

አጎቴ በር ላይ ነበሩ። ተሳሳምን። «ወፎቹስ ደህና ናቸው?» አልኳቸው፣ ቀድሜ እንዲወጣልኝ። ሳቁ። «እያሉ ነው። ነገ ታያቸዋለህ፣ ማማ ላይ አንተን ነው የማወጣው።»

ምሳ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነበር። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ነው፤ ሲያድር ይደርቃል፤ የአጎቴ ሚስት ጤፍ ጣል አድርገውበት ስለነበር ለስላሳ ነው። ከምሳ በኋላ ማሳውን ልናይ ወጣን። ከዚህ ጉዞ ሁሉ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ማሳ እጽፍ ነበር።

የቆቦ ሜዳ በዓመት ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ያገኛል። በቁጥር ሲታይ ማሽላ ለማብቀል አያንስም። ችግሩ አመጣጡ ነው። ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው በልግ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ግንቦትና ሰኔ ሐሩር ናቸው። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ በአንዴ ያወርደዋል፤ መስከረም ሲጋመስ ቀጥ ይላል። በሜዳው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱ አሉ፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ወደ ማሳቸው የሚመልሱም አሉ። የአጎቴ መሬት ለሁለቱም አልታደለም።

ማሳው አራት ጥማድ ነው፤ ጥማዱ ሩብ ሄክታር ገደማ። ከሩቅ ሲያዩት በመቀስ እንደተዛነፈ ፀጉር ነው። አንደኛው ጥግ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ገና ራሱን ብቅ ያደረገ አረንጓዴ ማሽላ። ቀጥሎ እስከ ትከሻዬ የሚደርስ፣ ራሱ የነጣ፣ ሊደርስ የተቃረበ። ከዚያ ጎን ጤፍ። ታች፣ ውኃ የሚተኛበት ዋልካ ላይ ደግሞ ከመሬት ጋር የተለጠፈ የሽምብራ ቡቃያ።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተቆራረጠው?» አልኩ።

አጎቴ በዱላቸው እየጠቆሙ ዓመቱን ነገሩኝ። ሚያዝያ ላይ ሦስት ቀን ዘነበ፤ ሦስቱን ጥማድ በሙሉ ደጋሊት ዘሩበት። ደጋሊት የአገሩ ማሽላ ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር፣ አንዳንዴም እስከ ታኅሣሥ ጫፍ ማሳ ላይ ይቆያል። ግንቦት አላዘነበም። ሁለቱ ጥማድ ጠወለገ፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለችው አንዷ ጥማድ ተረፈች። ሐምሌ መጀመሪያ ዝናቡ ሲመጣ የሞተውን ገልብጠው አንዱን ጥማድ አጭሩን ማሽላ ዘሩበት። ሌላው አረም ወርሶት ስለነበር እስኪታረስ ሐምሌ አጋመሰ፤ ለማሽላ መሸ፣ ጤፍ ሆነ። አራተኛው ጥማድ ክረምቱን ውኃ ስለሚተኛበት ማንም አይደፍረውም፤ መስከረም ሲጠፍ፣ እርጥበቱ ሳይለቅ፣ ሽምብራ ይዘሩበታል። ሽምብራ ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ ዝናብ ባያይ አፈሩ በቋጠረው ውኃ ይደርሳል።

«አንዱ ሲወድቅ ሌላው አለ» ማለታቸው ነው ብዬ እንዳልጽፍ፣ እሳቸው እንዲህ አላሉም። ያሉት «ዘር ነው የጨረሰብኝ» ነው። ሦስት ጊዜ መዝራት ሦስት ጊዜ ዘር ማውጣት ነው። በሬ ደግሞ በግንቦት ከስቶ ነው የሚውለው። እኛ ከተማ ሆነን «ድርቅን የሚቋቋም አርሶ አደር» የምንለው ሰው ጎተራውን እየቀነሰ ነው የሚቋቋመው።

ረጅሙ ደጋሊት ውስጥ ገባን። መሬቱ ተገማምሷል፤ ትልሙ ገና ይታያል። ሽልሻሎ ነው። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በሬ ጠምደው መሀል ለመሀል ያርሱታል። እንግዳ ሰው ቢያይ ሰብሉን እያጠፉት ነው ይላል፤ እኔም ልጅ ሆኜ አልቅሻለሁ ይባላል። ግን ትርፉን ያሳሳል፣ አረሙን ይገለብጣል፣ ከሁሉ በላይ ትልሙ የሐምሌን ዝናብ ይይዛል። አጎቴ በየስድስት ሰባት እርምጃው ትልሙን በአፈር ቋጥረውታል፤ ውኃው ሸሽቶ እንዳይሄድ። ይህን ምርምሮቹም ቆቦ ላይ ፈትነው የሚመክሩት ነው። «ሠራተኛ ይፈልጋል» አሉኝ፣ «እኔና ልጁ ግማሹን ሠርተን ሰለቸን።» የሠሩትና ያልሠሩት ግማሽ በዓይን ይለያል፤ ያልተቋጠረው በክንድ ያህል ያጥራል።

አንድ ቅጠል ይዤ አገላብጬ አየሁት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ሰም አለው፤ በጣት ሲነኩት ይነሳል። ውኃው እንዳይተንበት የሚከላከለው እሱ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ቅጠሉ ርዝመቱን ይዞ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል። በቆሎ አበባ ላይ እያለ ሁለት ሳምንት ውኃ ካጣ አለቀለት፤ ማሽላ ግን እድገቱን አቁሞ ይጠብቃል፣ ሲዘንብለት ይቀጥላል። አጎቴ «ያንቀላፋል» ነው የሚሉት።

ጥቅምት 10፦ ማማው ላይ

ወፍ ከሰው ቀድሞ ነው የሚነሳው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ማማ ላይ ነበርኩ። ማማ ማለት አራት ባላ ተተክሎ በላዩ እንጨት የተረበረበበት፣ አንድ ሰው ተኩል የሚይዝ ነገር ነው። ወንጭፍና የተከመረ የጭቃ ድብልብል ተሰጠኝ። ከጎኔ የጎረቤት ልጅ አለ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው። ከትምህርት ቤት የቀረው ለዚሁ ነው። «ፈረቃ ነን» አለኝ ኮራ ብሎ፣ «ነገ እህቴ ትቀራለች።»

መጀመሪያ የመጡት አሥር አሥራ አምስት ናቸው። ልጁ ዝም አለ። «ለምን አትወረውርም?» ስለው «እነሱ የሰፈሩ ናቸው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከዞብል በኩል አንድ ጭስ የመሰለ ነገር ተነሳ። ይጠቀለላል፣ ይተረተራል፣ እንደገና ይሰበሰባል። ግሪሳ ነው። ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል፤ እንደ ጎርፍ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት በቅጡ አላስታውሰውም። በሜዳው ሁሉ ጅራፍ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ሰው «ሃይ! ሃይ!» ይላል። የኔ ወንጭፍ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላዬ በረረ። ልጁ ከመሳቁ የተነሳ ማማው ተወዛወዘ። መንጋው ከኛ ተነስቶ ጎረቤት ያርፋል፣ ከዚያ ሲያባርሩት ወደኛ ይመለሳል። አንዷ ግሪሳ ሃያ ግራም ገደማ ብትሆን ነው፤ በቀን የምትበላው 10 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። መንጋው መቶ ሺህ ከሆነ ግን አሥር ኩንታል በቀን ነው። የአጎቴ አምና ምርት በስንት ሰዓት እንዳለቀ ሒሳቡን ማማው ላይ ሆኜ ሠራሁት።

ረፋድ ላይ ጋብ ሲል ወረድኩና የተበላውን ራስ አየሁ። ወፏ ወተት የያዘውን ፍሬ ነቅላ አትውጠውም፤ ጨምቃ ትመጠውና ገለባውን ትተወዋለች። በየገለባው ጫፍ ነጭ ጠብታ ደርቋል። ያልተነካ ፍሬ በጥፍሬ ብጫነው ወተቱ ፈሰሰ፤ ጎኑ ያለው ደግሞ ጠንክሮ እንቢ አለኝ። ወፏም የምትመርጠው እንደኔ ፈትሻ ነው። ቀዩንና መራራውን ዘንጋዳ እስከ መጨረሻው አትነካውም። ሰው ምሬቱን እያወቀ ዳር ዳሩን ዘንጋዳ የሚዘራው ለዚህ ነው።

አጎቴ ቡና ይዘው መጡ። አምና ያጠፋሁትን አሁን ነው በደንብ ያስረዱኝ። አጭሩ ዘር ክፉ አይደለም፤ ክፉ የነበረው ብቻውን መዘራቱ ነው። ዘንድሮ ስምንት ጎረቤት ተማክሮ፣ አጭሩን ሁሉም በአንድ ሳምንት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ማሳ ለማሳ ዘሩት። ወፉ ይመጣል፣ ግን ለስምንት ይከፋፈላል፤ ጠባቂውም ስምንት ቤት ነው። «የላክኸው ወረቀት ላይ ይሄ አልተጻፈም ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ሁሉንም ለምን አጭር አትዘሩትም፣ ጋሼ?»

«በሬው ምን ይብላ?»

የመርሳው ገበሬ «አጭር ነው እንጂ» አሁን ገባኝ። ደጋሊት ሁለት ሰው የሚያህል አገዳ አለው። አገዳው የከብቱ የበጋ ቀለብ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፣ የቤት ክዳን ነው። አጭሩ ፍሬ ይሰጣል፣ አገዳው ግን በሬን እስከ ሰኔ አያደርስም። በሬ ከሌለ ደግሞ ሽልሻሎ የለም። ዝርያ የሚያወጣው ሰው ኩንታል ይቆጥራል፤ አጎቴ ግን ኩንታሉንም ሸክሙንም ይቆጥራሉ። በእኔ እምነት ከሁለቱ አጎቴ ይበልጥ ትክክል ናቸው፤ ደጋሊት በየዓመቱ የሚፈልገውን የሚያዝያ ዝናብ ማን ያምጣለት ብትሉኝ ግን መልስ የለኝም።

ስለ አንበጣው ጠየቅኳቸው፤ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ልክ በዚህ ሰሞን ነበር። «ወፍን ታባርረዋለህ» አሉ። «አንበጣ ግን እላይህ ላይ ያርፋል እንጂ አይሄድም። ጅራፍ ብናጮኽ፣ ጭስ ብናጨስ፣ ምን ቢደረግ። ጠዋት ማሽላ ነበረ፣ ማታ አገዳ ብቻ ቆሟል። አገዳውንም ልጦታል።» ሲኒውን ደፉና ወደ ማማው ቀና አሉ። «ተነስ፣ መጡ።»

ጥቅምት 11፦ መልስ

ሌሊት ሌላ ነገር ማየቴን ሳልጽፍ ላልፍ ነበር። የአጎቴ ቤት ምድጃ በላይ፣ ከጣሪያው ማገር፣ ከአሥር የሚበልጥ የማሽላ ራስ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ ጥላሸት የመሰለ። ዘር ነው። በአጨዳ ጊዜ እየዞሩ የሚመርጡት የአጎቴ ሚስት ናቸው። ጭሱ ነቀዝ ያስቀርለታል፤ የቤቱ ሰው ምን ቢርበው ደግሞ እዚያ ላይ እጁን አይዘረጋም። «አይዘረጋም» ያልኩት በደህና ዘመን ነው። በ77 እሱም ተበልቷል። የዘር ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደና የአገሪቱ የዘር ባንክ ባልደረቦቻቸው በዚያ ዘመን ወሎና ሸዋ እየዞሩ የአገሩን ዘር ሲሰበስቡ የነበረው ይህንኑ ፈርተው ነው፤ መላኩ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ከተንጠለጠሉት አንዷ ለየት ትላለች። ፍሬዋ እንደ ሌላው የሞላ አይደለም፣ ጎኑ ሰርጉዷል። «ወተት በጉንጬ ናት» አሉ አጎቴ። ማሳ ሙሉ አትዘራም፤ በሌላው ማሽላ መሀል እዚህም እዚያም ጣል ትደረጋለች፤ እሸቷን ጠብሶ ለመብላት ነው። የአክስቷ ልጅ የምትመስል «ማር ጩቄ» የምትባልም አለች።

ስሟን ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ቀድሜ አውቃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ከ9 ሺህ በላይ የማሽላ ዝርያ ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለውን ለሰውነት አስፈላጊ የሆነ የፕሮቲን ክፍል አትረፍርፈው የያዙ ሁለት ብቻ አገኙ። ሁለቱም የወሎ ነበሩ፤ ስማቸውም ይኸው ነው። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የነበሩት ጆን አክስቴል ናቸው በዚያው ዓመት ወጣቱን ገቢሳ ኤጄታን ያገኙት። በዚያው ዓመት ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። ይሄን ለአጎቴ ብነግራቸው «ልጅ ሆነን እሸቷን ስንሰርቅ ነው የምንገረፈው፤ ለካ ያውቁ ኖሯል» ብለው አለፉት። ምርቷ ስለሚያንስና ነቀዝ ስለሚወዳት ማሳ ሙሉ የሚዘራት የለም።

አንዷን ራስ ከጭሱ አውርደው ሰጡኝ። ቦርሳዬ ስለሞላ አንገቷ ወጥቶ ቀረ።

ከወልድያ ወደ ደሴ ስንሄድ ከጎኔ ጠና ያሉ እናት ተቀምጠው ነበር፤ ውጫሌ ነው የሚወርዱት። ብዙ መንገድ ዝም ብለው ቦርሳዬን ሲያዩ ቆዩና እጃቸውን ሰደዱ።

«ከየት ነው ያመጣኸው፣ ልጄ?»

«ከቆቦ፣ እማማ። ወተት በጉንጬ ነው ይላሉ።»

ፍሬዋን በጣታቸው አሹት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ማነው ያለህ?»

«አጎቴ ናቸው።»

«ቆቦዎች ምን ያውቃሉ! ማር ጩቄ ናት ይቺ። እናቴ ጓሮ ነበረች።» ከዚያ ሳይጠይቁኝ ሰባት ስምንት ፍሬ ቆንጥረው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፣ ቋጠሮውን ሁለቴ አጥብቀው ብብታቸው ሥር ከተቱት።